ለእግርህ የገዛነው ቅባት

ይማምዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ከወንድሜ እርሻ ጥግ ካለችው ግራር ሥር። ከተለያየን ወዲህ ሦስት ረመዳን ጾምኩ። በሦስቱም ለማፍጠሪያ ሁለት ብርጭቆ አቀርብና አንዱን መልሼ አነሳዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ምን ላድርግ።

በሰው ፊት አያ ይማም፣ ለብቻችን ስንሆን ይማምዬ እያልኩህ ነው የኖርኩት። ይህን ደብዳቤ ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ቢሆንም አያ ይማም ብዬ አልጽፍም። በዚህ ዕድሜዬ ማንን ነው የማፍረው?

ሁለት ነገር ልነግርህ ተቀምጫለሁ። አንዱ የምሥራች ነው። ሌላው አንተ ከሞትክበት ቀን ጀምሮ ለማንም ሳልናገር አፍኜው የኖርኩት ጥፋቴ ነው። የምሥራቹን ላስቀድም ብዬ ሞከርኩ፤ ግን ሁለቱም የሚነሱት ከእግርህ ነው። ስለዚህ ከእግርህ እጀምራለሁ። አንተም ስለ እግርህ ሲወራ ጠልተህ አታውቅም።

ከዚያ በፊት ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ፣ ያለዚያ ትቆጣኛለህ። ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ላይ ሦስት ቆርቆሮ ቀይረናል። የጸጉር ቤትህን አልሸጥኩትም፣ አላከራየሁትምም። ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የልጆች ደብተር እሸጥበታለሁ። ሰዉ ግን ዛሬም “ይማም ጋ ሂጂና ዘይት አምጪ” ነው የሚለው። ወንበርህ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ እኔ ነኝ የምቀመጥበት። ከመስታወትህ ግማሹ ተርፏል። ሰኞ ገበያ የሚወጡት ወንዶች እንደ ድሮው ጎራ ይሉና ጸጉራቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ምንም ሳይገዙ ይወጣሉ። አንዳንዱ ጎፈሬውን እያየ፣ አያ ይማም ቢኖር ይህን ይዤ በደጁ አላልፍም ነበር ይላል። ያን ጊዜ ስኳር መመዘን እጀምራለሁ፣ የሚገዛ ሰው ባይኖርም።

አሁን ወደ እግርህ።

ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ያቺ ጠባብ ጸጉር ቤት እንደዚያ ዓመት ሞልታ አታውቅም። ጸጉሩን ሊቆረጥ የመጣውም፣ የተቆረጠውም፣ መላጣውም እዚያው ይውላል። አንዱ አዲሱን ዘመን ያወድሳል፣ ሌላው ቆይ ታያላችሁ ይላል። አንተ መሀል ቆመህ መቀሱን እያንሿሿህ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምንም ይበል ምን፣ ልክ ነህ ትለዋለህ። እሱ ይነሳና ተቃዋሚው ይቀመጣል፤ እሱንም ልክ ነህ ትለዋለህ። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ስልህ፣ ምላጭ አንገቱ ላይ ከያዝኩበት ሰው ጋር አልከራከርም፣ ቢንቀሳቀስ የሚቆረጠው እሱ ነው አልከኝ። አይ አንተ!

የዚያን ዓመት ደስታ የተሸከመው እግርህ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስትቆም ውለህ ስትገባ ቁርጭምጭሚትህ አብጦ ጫማህ አልወልቅ ይላል። ከጉልበትህ በታች ያለው ሥር ተነፍቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ተጠማዝዞ ወጣ። አንተ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አትደብቀውም። ሱሪህን ሰብስበህ ለደንበኛው ሁሉ እያሳየህ፣ የአምባሰልን ዳገት መንገድ እግሬ ላይ ቀየሱት፣ የቀረው አስፋልቱ ነው ትላለህ። ሰው ይስቃል። ማታ ግን ከበደኝ፣ አሳከከኝ፣ አቃጠለኝ እያልክ ስትገላበጥ የማይህ እኔ ነበርኩ።

ጤና ጣቢያ ለምኜ ወሰድኩህ። የደም ሥርህ በር ላልቷል፣ ደሙ ወደ ላይ መመለስ ሲያቅተው እዚያው ይጠራቀማል፣ መቆም አብዝተሃል አሉህ። ከዚያ ደሴ መድኃኒት ቤት ሄደን ያንን ቅባት ገዛን፣ ጄል የሚሉትን። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ትዝ ትልሃለች? ያቺ ቀጭኗ፣ ቀስ ብላ የምታወራው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በፈረንጅ ቋንቋ ነበርና እሷ እየነገረችኝ እኔ ከልጃችን ከሐያት ደብተር በገነጠልኩት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ። በታጠበና በደረቀ እግር ላይ። ስስ አድርጎ፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ በቀስታ፣ ሳይጫኑ። በቆሰለ ወይም በተላጠ ቆዳ ላይ በፍጹም። ካሳከከና ካቀላ ማቆም። ቀብቶ እጅን መታጠብ። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ሳይጠይቁ እንዳይቀቡ። በመጨረሻም አንድ መስመር ጨመረች፤ ያቺን መስመር ኋላ እመጣባታለሁ።

ቅባቱ የወጣውን ሥር እንደማያጠፋው፣ ክብደቱንና ማሳከኩን ብቻ እንደሚያቀልልህ በግልጽ ነገረችህ። አንተ ተናደድክ። መንገዱን ካላፈረሰው ለምን እገዛዋለሁ አልክ። ልጅቷ ስትስቅ አንተም ሳቅህና ገዛኸው።

ወር ያገለግላል ያሉን ቱቦ በአሥር ቀን ተሟጠጠ። እኔ ለደንበኞችህ የምታድል መስሎኝ ነበር፤ አንተ ለሰው ደግ ነህና። እግርህን ስገልጠው ግን ቆዳው ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ቅርፊት አውጥቷል። ይህ ምንድን ነው ስልህ መጀመሪያ ጣሪያውን አየህ። ከዚያ ተናዘዝክ። ለየሶላቱ ውዱእ ስታደርግ እግርህን ትታጠባለህ፣ ውሃው ቅባቱን ይወስደዋል፣ ስለዚህ ከየሶላቱ በኋላ እንደ አዲስ ትቀባለህ። በቀን አምስት ጊዜ! ውዱእህ ሲፈታ እንደምታድሰው ሁሉ ቅባቱም የሚፈታ መስሎህ። ወላሂ፣ ያን ቀን እንደሳቅኩት ስቄ አላውቅም። አንተም አኩርፈህ ጀርባህን ሰጠኸኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ጀርባህ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ አንተም እየሳቅክ ነው።

ቆዳህ እስኪያገግም አቆምንና ተመልሰን ልጅቷን ጠየቅናት። እሷም ሳቀች። የሚሰርገው ቶሎ ይሰርጋል፣ ቀሪውን ውሃ ቢያጥበው ጉዳት የለውም አለች። ከማለዳው ሱብሂ ሶላት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከማታው ኢሻ በኋላ አንድ ጊዜ፣ እግርህ በደንብ ሲደርቅ ተቀባ፣ በቃ አለችህ። ከእኛ ሃይማኖት አይደለችም፣ ግን የሶላቱን ሰዓት ጠይቃ፣ ቆጥራ፣ አስልታ ሰጠችን። መንገድ ላይ እስከ ከተማችን ሐይቅ ድረስ ስትመርቃት መጣህ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ያ የምላጭ ጉድ መጣ። ጸጉሩ ነው ቅባቱን የሚከለክለው ብለህ፣ እንደ ጸጉር ቆራጭነትህ፣ ራስህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እግርህን ላጨህ። ያበጠ ሥር ላይ ምላጭ! ደሙ ቀጥ ብሎ ፊን ሲል ምላጩን ጥለህ ጠራኸኝ። ወለሉ ላይ አስተኝቼ፣ እግርህን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ፣ በንጹህ ፎጣ በመዳፌ ተጭኜ እስኪቆም ያዝኩህ። አንተ ተጋድመህ፣ ይህን ያህል ዘመን የሰው ጸጉር ስላጭ አንድ ሰው ያላደማሁ፣ ራሴን ስላጭ አረድኩት እያልክ ታስቀኛለህ። ቁስሉ እስኪድን ቅባቱን ከለከልኩህ፤ አንተም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከር እሺ አልክ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ነው የምወደው። ከኢሻ በኋላ ትጋደማለህ፣ ሁለት ትራስ ከእግርህ ሥር አደርጋለሁ። ስስ አድርጌ፣ ከታች ወደ ላይ በመዳፌ እቀባሃለሁ። ቤቱ በዚያ ሚንት በሚመስል ሽታ ይሞላል። አንተ የቀኑን ወሬ ታወራኛለህ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ልጁን ሊድር እንዳሰበ፣ ማን ጸጉሩን ቀለም እንደተቀባ። የተላጠ አገጭ ሁሉ ምስጢሩን ላንተ ነው የሚተወው። ስጨርስ እጄን ትይዝና እጅሽ ይባረክ ትለኛለህ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ሌላ ሚስት ወርቅ ተገዝቶላት ይሆናል፤ እኔ በየማታው እመረቅ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያዘዙልህን ካልሲ አላደርግም ያልከው ግን አንተ ነህ፤ ያንን እወቅስሃለሁ። እግር ጠብቆ የሚይዘውን ረጅሙን ካልሲ ማለቴ ነው። የሴት ልብስ ነው ብለህ ሣጥን ውስጥ ወሸቅኸው። በኋላ ሰው እንዳያይ በሱሪህ ሥር አድርገህ ስትወጣ ደግሞ እግሬ ቀለለኝ ብለህ በምስጢር ነገርከኝ። ለማን ነበር የምትደብቀው? ሥሩን ለገበያተኛ ሁሉ ስታሳይ የኖርክ ሰው!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

መጀመሪያ የመጡት ተፈናቃዮቹ ናቸው። አንተ እኔ ዳቦ የለኝም መቀስ አለኝ ብለህ፣ አቧራ የጠጣ ጸጉራቸውን ስታስተካክል ትውላለህ፣ አንድም ሰው አላስከፈልክም። ከዚያ የተኩሱ ድምፅ ቀረበ። አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ እኛም ወጣን፣ ወደ አርዲቦ ወደ ወንድሜ ቤት፣ በእግር። ሐያት ያኔ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልኩ ተቋርጦ ድምፅዋን እንኳ ሳንሰማ ሄድን። ጥቂት ልብስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ቁርዓንህንና ቅባትህን ያዝኩ። ወረቀቷን አልያዝኩም። አንተ ራስህ ናት መስታወቱ ጀርባ፣ ከእንጨቱ መሀል የሰካሃት፤ እዚያው ቀረች።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣኸው አላህ ያውቃል። ትከሻዬን ይዘህ፣ ትንሽ ሄደህ እየቆምክ፣ እየቀለድክ። ወንድሜ እህል ከሚያስቀምጥበት ጓዳ ውስጥ ደበቀን። ወንድ የሆነ ሁሉ ደጅ አይታይ በተባለበት ጊዜ፣ አንተ እዚያ ጓዳ ጉልበትህን አጥፈህ በጆንያ መሀል ስንት ቀን ተቀመጥክ! ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። እግሬ ያለመደውን ዕረፍት አገኘ ትለኝ ነበር። ውሃም እንደልብ አትጠጣም፣ ለመውጣት እንዳትገደድ ብለህ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር ነው። ታገሰኝ።

ከቀትር በኋላ ነበር። ግራ እግሬ አልተመቸኝም አልክ። ገለጥ አድርጌ ሳየው ባቱ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ስነካው ይፋጃል። የቀኙ እግርህ ደህና ነው። እኔ ግን ያው የለመድነው ሕመም መሰለኝ፤ ከመንገዱና ከመቀመጡ ብሶበት ነው ብዬ አሰብኩ። ጭንቀቱም ነበረብኝ፣ ላንተ ላደርግልህ የምችለው ሌላ ምንም ነገር አልነበረም። ቅባቱን አውጥቼ ጨመር አደረግሁና በሁለት እጄ አሸሁህ። አንተም ጠንከር አድርጊው፣ እጅሽ ነው መድኃኒቴ አልከኝ። ጠንከር አደረግሁ። ጉልበቴን ሁሉ አደረግሁበት ይማምዬ።

ስጨርስ እንደ ወትሮው እጄን ይዘህ አልከኝ፦

“እጅሽ ይባረክ ዘሁዬ።”

እኔ እጄን ልታጠብ እየተነሳሁ ነበር፤ ልጅቷ ቀብታችሁ እጃችሁን ታጠቡ ብላን የለ? አሜን ሳልል ወጣሁ። ውሃ በእጄ ላይ እያፈሰስኩ የወንድሜ ሚስት ስትጮህ ሰማሁ። ስመለስ ደረትህን ይዘህ ትንፋሽ ታጣለህ። የዐስር ሶላት ሰዓት ሳይደርስ አንተ የለህም።

መንገዱ ተዘግቷል፣ ሐኪም የለም፣ ስልክ የለም። ወንድሜና የደፈሩ ጥቂት ሰዎች ሰግደውብህ፣ ፈጠን ብለው ከግራሯ ሥር ቀበሩህ። ሰውን ሁሉ ሲያስቅና ሲያሳምር የኖረው ይማም፣ ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሐያት ሞትህን የሰማችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ለእሷ ነገርኳት፣ ድንገት ትንፋሽ አጠረው ብዬ። ያሸሁህን አልነገርኳትም።

ሐይቅ ተመልሰን ስንገባ ጸጉር ቤቱ ባዶውን ነው። ማሽንህ የለም፣ መቀሶችህ የሉም። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ እግሯ አልራመድ ብሏት ከተማው ውስጥ ቀርታ ነበር። አንድ ቀን የተሰበረውን መስታወት ለቅማ፣ ግማሹን ከነእንጨቱ በነጠላዋ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ቆየችኝ። ይማም ፊቱን ያየበት መስታወት ነው፣ እንዴት ይጣላል ብላ አስታቀፈችኝ። ዞር ሳደርገው ወረቀቷ እዚያው እንደተሰካች ናት።

የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ። በራሴ እጅ የተጻፈች ናት። “አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ፤ አትቀቡት፣ አትሹት፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።”

ጽፌው ነበር ይማምዬ። እየነገረችኝ፣ እሺ እያልኩ፣ በእጄ ጽፌው ነበር። በዚያች ጓዳ ውስጥ ከራሴ ጠፋኝ። ወረቀቷን አጥፌ ከቅባቱ ቱቦ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ቱቦው ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ነበር። አንዳንድ ቀን ክዳኑን እከፍትና አሸተዋለሁ፤ ከኢሻ በኋላ ያለው ቤታችን ይመጣልኛል። ወዲያው ደግሞ ያ ጓዳ ይመጣል፣ እዘጋዋለሁ። ሰው እጅሽ ጥሩ ነው፣ ወገቤን እሺኝ ሲለኝ እጄ ታሟል እላለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ገላ አሽቼ አላውቅም።

አሁን የምሥራቹ።

ሐያት ኮምቦልቻ አገባች። ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጸጉሩ ግን አንተን ያበሳጭህ ነበር። ፀንሳ፣ ቀኗ ሲቃረብ እንደ ወጉ የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ እኔ መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ስትቀመጥ እግሯን አየሁና ክው አልኩ። ያንተ እግር! ያው የአምባሰል መንገድ፣ ባንድ ሴት ልጅ እግር ላይ። ያባን ቅባት ስጪኝ አለችኝ። አልሰጠኋትም። ቱቦው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ እርጉዝ ሳትጠይቅ አትቀባም የሚለውም ወረቀቷ ላይ አለ። ጤና ጣቢያ ወስጃት አዋላጇ አየቻት። ብዙ እርጉዝ ላይ ይወጣል፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በየቀኑ ተራመጂ፣ ካልሲ አድርጊ፣ ቅባቱ ለጊዜው ይቅር አለቻት። ካልሲውንም አደረገች። ካንተ ትሻላለች።

ወንድ ልጅ ወለደች። አማን ብለነዋል። ሸሁ በጆሮው አዛን ሲሉበት አፉን ከፍቶ አዛጋ፤ ልክ አንተ ክርክሩ ሲረዝምብህ እንደምታዛጋው።

አራስ ቤቱ እንደምታውቀው ነው። እንዳትነሺ፣ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል። የሰፈሩን አራስ ሁሉ የምታሸው እትዬ በላይነሽ ናት፣ በእስላሙም በክርስቲያኑም ቤት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቅቤዋን በመዳፏ አሙቃ መጣች። ሐያት ዛሬ ደግሞ ግራ ባቴ ወጥሮኛል፣ እሱን ጠንከር አድርገሽ እሽልኝ አለቻት። እኔ በሩ ላይ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። እትዬ በላይነሽ ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

አብጧል። ቀልቷል። የቀኙ ደህና ነው።

ውሃው ከእጄ ወደቀ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

“እትዬ በላይነሽ፣ እጅሽን አንሺ! ማንም እንዳይነካት!”

በላይነሽ ቅቤው ከጣቷ እየተንጠባጠበ አየችኝ። ስንቱን ሴት አሽታ ያቆመች ሰው እንደዚያ ተጮኾባት አያውቅም፤ ፊቷ ተለወጠ። እኔ ግን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ሳንዘገይ ሚኒባስ ተለምኖ ደሴ ሆስፒታል ደረስን። ያቺ የተጮኸባት በላይነሽ ናት ሕፃኑን አቅፋ እስከ ደሴ የመጣችው፤ መንገዱን ሁሉ አላናገረችኝም፣ ልጁን ግን ከደረቷ አላወረደችውም።

በመሣሪያ አዩዋት። በውስጠኛው የደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቷል አሉ። ብትታሽ ወይም ዛሬ ነገ እየተባለ ብትቆይ፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል ነበር አለኝ ሐኪሙ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀመሩላት። ደረሳችሁ አለን።

የዚያን ጊዜ ነው ያንተን የነገርኩት። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ሰማኝ፣ ጓዳውን፣ ስንት ቀን እንደተቀመጥክ፣ እግርህን፣ እጄን። ከዚያ፣ “እማማ፣ ደሙ የረጋው ያንቺ እጅ ሳይነካው ነው። እጅሽ ጨምሮበት ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊነግርሽ አይችልም” አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ የሌለውን አልነገረኝም፤ እኔም ለዚህ አመሰገንኩት። የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይቶ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ለሐያትም እዚያው አልጋዋ አጠገብ ነገርኳት። አባትሽን በመጨረሻዋ ሰዓት እኔ ነኝ ያሸሁት፣ ማሸት እንደሌለብኝ ጽፌ ነበር፣ ረሳሁት አልኳት። እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። አምርራ አለቀሰች። ከዚያ መርፌ ያልተተከለበትን እጇን ዘርግታ እጄን ሳበችና ሳመችው። ያንኑ አለችኝ፣ ቃሉን ከማን እንደሰማችው አላህ ያውቃል፦ እጅሽ ይባረክ እማ።

ይማምዬ፣ ትሰማኛለህ? ያ እጅ፣ በዚያች ጓዳ አንተን ያሸው እጅ ተመረቀ።

አሁን ደህና ናት። መድኃኒቷን በሰዓቷ ትወስዳለች፣ ትራመዳለች፣ ክትትሏ ደሴ ነው። አማን ጡት ይዞ ይተኛል። እትዬ በላይነሽ ሦስት ቀን ኩርፊያ ይዛ በአራተኛው ቀን ወረቀቷን አንብቢልኝ ብላ መጣች። እያነበብኩላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወዲህ አራስ ልታሽ ስትገባ መጀመሪያ ሁለቱን እግር ገልጣ፣ አስተያይታ ነው ቅቤውን የምታወጣው። አንዱ ካበጠ በእኔ ስም ምላ፣ በዘሀራ አምላክ አልነካም ትላለች። እኔ ራሴ እንኳ እንደዚህ አልምልም።

ወረቀቷን በትልልቅ ፊደል ገልብጬ ግማሹ መስታወት ላይ ለጠፍኳት። ጎፈሬውን ሊያይ የመጣ ሁሉ ያነባታል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ሻይ ቤት አስተናጋጁ፣ መምህሩ፣ ዓሣ የምትሸጠዋ፣ ሁሉም እግሩን ዝቅ ብሎ ያያል። ቱቦውን ትናንት ጣልኩት። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ልክ አይደለም፣ አንተም ደስ አይልህም። ክዳኑን ግን አስቀርቻለሁ። ትንሽ ትንሽ ይሸታል።

እንደማልረሳህ ልንገርህ? ከኢሻ በኋላ እጋደምና እግሬን ሁለቱ ትራሶችህ ላይ አደርጋለሁ፤ የኔም ሥር መውጣት ጀምሯል። የቀኑን ወሬ አወራሃለሁ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ልጁን ሊድር እንዳሰበ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህችን ሰዓት ለሌላ ለማንም አልሰጣትም። አማን መራመድ ሲጀምር አርዲቦ አመጣዋለሁ፤ ከግራሯ ሥር አቁሜ፣ እናቱን ማን እንዳተረፈለት እነግረዋለሁ።

ያጠፋሁትን አፉ በለኝ። አንድ ዕዳ ብቻ ነው ካንተ ጋር የቀረኝ፤ ያን ቀን መርቀኸኝ ሳልቀበልህ ተነስቼ ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። ሦስት ረመዳን ሙሉ ምርቃቱን ልቀበለው ፈራሁ፤ ለዚህ እጅ አይገባም ብዬ። አሁን ግን ልጅህ ስትስመው እጄን አይቼዋለሁ።

አሜን ይማምዬ። አሜን።

ያንተው ዘሀራ፣ ከሐይቅ